የአራተኛው እግር ውሃ

ከወንዙ ማዶ የምንኖር ሰዎች መርሳ ገበያ የምንሄደው በአንድ ድልድይ ነው። ትልቅ አይደለም። ወደ ሐራ ሲወርዱ ከሚታየው ከባቡሩ ድልድይ አጠገብ ቢያቆሙት ከግመል ጎን የቆመ ጥጃ ይመስላል። አራት የአርማታ እግሮች አሉት፤ ሁለቱ ወደ እኛ ዳር፣ ሁለቱ ወደ መርሳ ዳር። በላዩ አንድ አይሱዙ ያሳልፋል፤ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይኸው ነው። ነገር ግን ከቆመበት ቀን ጀምሮ ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ድልድዩ ሳይኖር የነበረውን ኑሮ ስለማውቅ ነው።

ያኔ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ይቆልፍብን ነበር። እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ከላይ ከደጋው የዘነበው ዛፍ ነቅሎ ይዞ ይመጣል። አንድ ሐምሌ ምጥ የጠናባትን የአክስቴን ልጅ በቃሬዛ ተሸክመን ወረድን። ወንዙ ሞልቷል። ቃሬዛውን ዋርካው ሥር አሳርፈን ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ወደ ማታ ጎደለ። እሷ ግን እስከዚያ አልቆየችልንም።

ስለዚህ መንግሥት «ሲሚንቶና ብረቱን እኔ፣ ድንጋይና አሸዋውን፣ ጉልበቱንም እናንተ» ባለን ጊዜ ከቤቱ የቀረ ሰው አልነበረም። ከደሴ አንድ ፎርማን መጣ፤ አጭር፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው። መጀመሪያ የጠየቀን «ስንት ሰፈር ናችሁ?» ብሎ ነው። አራት አልነው። ሳቀ። «እግሩም አራት ነው። እንግዲያው ለየሰፈሩ አንድ አንድ እግር። የማን እንደሚያምር እናያለን» አለ።

ሰውየው አገራችንን አላወቀውም ነበር፤ ወይም በደንብ አውቆታል። እኛ አጨዳም ሆነ ቤት ሥራ በደቦ ስንወጣ፣ ጎራ ለይተን ካልተበሻሸቅን ክንዳችን አይነሣም። ሦስተኛው እግር ለመስጊድ ሰፈር ደረሰ፤ አራተኛው ለእኛ ለላይ ሰፈር። በየጎራው ውሃ የሚያመላልስ ሰው ተመረጠ። በእኛ በኩል እኔ ሆንኩ። በመስጊድ ሰፈር በኩል ደግሞ አብሮ አደጌ፣ ዛሬ ሐጅ አድርጎ ሁላችን «ሐጂ» የምንለው ሰው ሆነ። እሱ ዱዓ አስደርጎ ይጀምራል፣ እኛ አቡነ ዘበሰማያት ደግመን እንጀምራለን፤ ከዚያ በኋላ ስድቡ አንድ ነው።

ፎርማኑ ስለ ውሃ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው። «የምትጠጡትን ውሃ ብቻ አምጡልኝ። አፋችሁ ያልወደደውን ሲሚንቶውም አይወደውም» ይል ነበር። ሦስቱ እግሮች በጥሩ ቀን፣ በወንዙ ጥሩ ውሃ ቆሙ። የእኛ ተራ ሲደርስ ከላይ ዘነበና ወንዙ ድፍርስርስ አለ። የምንጠጣው ምንጭ ደግሞ ከዳገቱ ላይ ነው፤ በአህያ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የመስጊድ ሰፈር ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ሐጂ «አይዟችሁ፣ ለከርሞ ይደርሳል» ይለናል።

እዚያው ቅርብ፣ ከድልድዩ ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ ምንጭ አለ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ግን ጨው ጨው ይላል። ሰው አይጠጣውም፤ ከብት ግን ያብድለታል። ከውርጌሳ በኩል ሳይቀር ከብታቸውን እየነዱ የሚያመጡ ነበሩ። የከሳ በሬ እዚያ አጠጥተውት ሳምንት ሳይሞላ ጠጉሩ ይለሰልሳል፣ ጎኑ ይሞላል። ያን ቀን እኔ ለሰፈራችን ሽማግሌ እንዲህ አልኳቸው፦

«አባ፣ ከጨው ምንጩ ብንቀዳስ?»

«ሰውየው የምትጠጡትን ብሏል።»

«እሱ የከተማ ሰው ነው፣ ምን ያውቃል? የላምን አጥንት የሚያጠነክር ውሃ የድልድይን እግር ያሳንፋል? ይኸም አጥንት እኮ ነው።»

ሽማግሌው አሰቡ። ጺማቸውን አሹ። «አጥንትስ አጥንት ነው» አሉ በመጨረሻ። እንግዲህ ጥበባችን ይህች ነበረች። ሌላ አገር ሰው ይህን ስሕተት የሚሳሳት አይመስለኝም፤ በከብት የሚኖር ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያስብ።

አህዮቹን ጭኜ ስመለስ ፎርማኑ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነከረና ጥራቱን አየ። «ከየት ነው?» አለኝ። «ከምንጭ» አልኩት። «የምትጠጡት ነው?» አለኝ። «አዎን» አልኩ። ጣቱን ወደ አፉ ቢወስድ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። በሱሪው ጠረገው።

ያ አርማታ ምን ቢሆን ደግ ነው? ጠዋት ሞልተነው፣ ከሰዓት በኋላ አናቱ ላይ ጥፍሬን ብጫን አልገባ አለ። የሌሎቹ ሰፈሮች በዚያች ሰዓት ገና ጣት ይቀበሉ ነበር። ፎርማኑ ራሱ በዶማ እጀታ መታ መታ አድርጎ «የላይ ሰፈር ሰዎች ምን ትበላላችሁ?» አለ። ከዚያ ወዲያ ዘፈን ወጣልን፤ በሠርግ ሁሉ፣ በተለይ ሙሽራው ከመስጊድ ሰፈር ሲሆን ይዘፈናል፦

የእኛማ ጠጠረ ሳይመሽ በዕለቱ፤
የእነሱ ገንፎ ነው፣ ይማሰላል እቱ።

ሐጂ ይህን ዘፈን በገዛ ሠርጉ ሰምቷል። በልጆቹም ሠርግ ሰምቷል።

ዓመታት ሄዱ። ድልድዩ ያን ሁሉ ጎርፍ ቻለ። ግመልና በቅሎ፣ ቃሬዛና ሙሽራ፣ ጤፍና ሽንኩርት አለፈበት፤ በክፉው ዘመን ስሙን የማላውቀው ከባድ መኪናም አለፈበት። እኔ አርጅቼ ጥርሴ ሲወልቅ እሱ ቆሞ ነበር። አንድ መስከረም ግን፣ ውሃው ጎድሎ ከሥር ስገባ፣ በአራተኛው እግር ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር አየሁ። ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። በጣቴ ጠረግሁት፤ አልለቅ አለ። በዓመቱ መስመሩ አጠገብ ስንጥቅ ወጣ፤ ከታች ወደ ላይ፣ በገመድ የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቁራጭ ወደቀ። አሸዋው ላይ አገኘሁትና ገለበጥኩት። በውስጥ በኩል ብረቱ የተኛበት ቦይ አለ፣ ያም ቦይ ቀይ ዱቄት ለብሷል። ሌሎቹ ሦስቱ እግሮች ምንም አልሆኑም።

ያኔ ገና አልገባኝም። የገባኝ መርሳ ውስጥ ነው። አንድ የጨው ነጋዴ የመጋዘኑን በር ማጠፊያ ሲቀይር ቆሜ አየሁ። «ባለፈው ዓመት አልቀየርክም እንዴ?» አልኩት። «ጨው ብረት ይበላል፣ አባቴ። ግድግዳውን አልፎ ይበላል» አለኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ደከመዎት ወይ ብሎ ውሃ ሰጠኝ።

እንግዲህ ጥሩ ሰው ቢሆን ያኔ ይናገር ነበር። እኔ ግን ሲሚንቶ ገዛሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ውሃው ሲጎድል፣ በሳፋ አቡክቼ ስንጥቁን እለስነዋለሁ። ዝገቱ ግን እንደ ላብ ልስኑን አልፎ ይመጣል። ሰው ሲያየኝ «ተባረክ፣ ለሕዝብ የሚያስብ» ይላል። ሐጂ ደግሞ ከላይ ጎንበስ ብሎ «የእናንተ እግር ሪህ ያዘው እንዴ?» ይለኛል። ምርቃቱም ቀልዱም እኩል ይከብደኝ ነበር።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ነው ነገሩ የወጣው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ከአራተኛው እግር ሰፊ ቁራጭ ወደቀ፤ ቀበሌው ለወልድያ አመለከተ። ከወልድያ አንዲት መሐንዲስ መጣች፤ ሁለት ቦርሳ የተሸከመ ባልደረባም አላት። ያኔ ውሃ ካመላለስነው ሰዎች በሕይወት የቀረነው እኔና ሐጂ ነን፤ ተጠራን። በዚያን ጊዜ የልጅ ልጄ እርጉዝ ነበረች፤ የምትወልደው ለሐምሌ ነው። ለምን ይህን እንደማነሣ ይገባችኋል።

«አባቶቼ፣ ሲሠራ ነበራችሁ?» አለችን።

«ነበርን» አለ ሐጂ። «ሦስተኛው የእኔ ነው፣ አራተኛው የእሱ። ያ በዕለቱ የጠጠረው። አርባ ዓመት ያልሰማነው ነገር የለም።»

እሷ ሳቀችና ትንሽ መዶሻ አወጣች። ከመጀመሪያው እግር ጀምራ ጆሮዋን አስጠግታ ከታች ወደ ላይ ታንኳኳለች። ሌላ ምንም አታደርግም፤ ታንኳኳለች፣ ትሰማለች፣ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ቆሜ ሳያት እናቴ ትዝ አለችኝ። ጋን ስትገዛ በጣቷ አጥንት እያንኳኳች ነበር የምትመርጠው፤ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያፍናል።

«ልጄ፣ የጋን ነገር ነው እንዴ?» አልኳት።

«የምን ጋን?»

ነገርኳት። መዶሻውን ሰጠችኝ። «እስቲ እርስዎ ያንኳኩት» አለች። ሦስተኛውን አንኳኳሁ፤ ድንጋይ ነው፣ ድምፁ ወደ እጄ ይመለሳል። ወደ አራተኛው ሄድኩ። ከልስኔ በላይ፣ እሷ ገና ያልደረሰችበት ቦታ ላይ ሳንኳኳ ባዶ ቅል የመታሁ መሰለኝ። ከላይ ደህና የሚመስለው ከውስጥ ተላቅቋል። ጠመኔውን ወስጄ እኔው ከበብኩት። አርባ ዓመት ያየሁትን እግር ያን ቀን ገና ሰማሁት።

ቀጥላ ሌላ መሣሪያ አወጣች፤ እንደ ሬዲዮ ትንሽ፣ አርማታው ላይ ስታስኬደው ብረቱ ያለበት ቦታ ሲደርስ ይጮኻል። በጮኸበት ሁሉ በጠመኔ ታሰምራለች። ስትጨርስ የብረቱ አጥንት በሙሉ ከውጭ ተሥሎ ቆመ፣ ቋሚውም አግዳሚውም። እኛ በገዛ እጃችን አሥረን የቀበርነው ነው። ስንት ክንድ እንደነበር፣ የት እንደተጠመዘዘ እኔ ረስቼዋለሁ፤ ሳትቆፍር አወጣችው። እጄን አስጠግቼ ቆየሁ። ምን ልበላችሁ፣ የሞተ ወዳጄን ድምፅ ከግድግዳ ማዶ የሰማሁ ያህል ነው የሆንኩት።

ከዚያ በመሮ ከሦስተኛው እግር ጥቂት ፈለፈለች፤ አቧራውን አጠበችና ውሃ የመሰለ ነገር ረጨችበት። ቀለም የለውም፣ ጥርት ያለ ነው። ዓይናችን እያየ አርማታው ቀላ። ግራጫው ድንጋይ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ መሰለ።

«ሱብሃነላህ» አለ ሐጂ ቀስ ብሎ።

እሷ በትዕግሥት አስረዳችን። አርማታ ሲወለድ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ነገር በውስጡ አለው። አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባበታል፣ በዓመት የጠጉር ያህል ብቻ፣ በገባበትም ያ ጠባቂ ነገር ይጠፋል። የቀላው ጠባቂው ገና ያለበት ነው፤ ግራጫ የቀረው ያረጀው ነው። አየን፤ የጥፍር ያህል የዳር ቅርፊቱ ብቻ ግራጫ ቀርቷል፣ ውስጡ በሙሉ ቀልቷል።

«ይኸ ሁሉ ዓመት የገባው ይህች ብቻ ናት?» አልኳት።

«ይህች ብቻ። የእናንተ አሠራር ጥሩ ነበር፣ አባቴ።»

ድንጋይ ይተነፍሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኛ ስንድር ስንኳረፍ፣ ስንቀብርና ክርስትና ስናነሣ እሱ እዚያ ቆሞ በዓመት የጠጉር ያህል ሲያረጅ ኖሯል። ወዲያው ወደ አራተኛው ሄደች። ፈለፈለች፣ ረጨች። ይኸም ቀላ። ልስኔ አየሩን ከልክሎለት ኖሮ እንዲያውም ከሁሉም ይልቅ ቀላ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ተሳስቼ ይሆናል፣ ውሃው ምንም አላደረገውም ይሆናል አልኩ። እሷ ግን ጠለቅ አድርጋ ፈለፈለችና ብረቱን አገኘችው። ያኔ አውራ ጣት የሚያህል የነበረው ብረት ወገቡ ላይ እንደ ወስፌ ቀጥኗል። መሮው ሲነካው እንደ ቅርፊት ረገፈ።

እሷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የረገፈውን ዝገት በጣቷ አሸች።

«አርማታው በሕይወት አለ» አለች በመጨረሻ፤ «ብረቱ ግን ተበልቷል። እንዲህ የሚያደርገው ጨው ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እዚህ አገር ባሕር የለ፣ ጨው ከየት መጣ? አሸዋው ከየት ነበር?»

«ከወንዙ» አለ ሐጂ። «ሁላችንም ከአንድ ቦታ።»

«ጠጠሩስ?»

«እሱም ከአንድ ቦታ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ጨው በአራቱም ውስጥ አለ ብዬ ነው መነሣት ያለብኝ። በሦስቱ ገና አልታየም ይሆናል። ናሙና ወስጄ አዲስ አበባ እስኪመረመር ክረምቱ ይገባል። አንዱ እግር ብቻ ቢሆን በጊዜያዊ ብረት ደግፌው ሰው አሳልፍ ነበር። አራቱም ከሆነ ግን አልችልም። ለመኪናም፣ ለሰውም፣ ለከብትም መዝጋት አለብኝ።»

ባልደረባዋ ወረቀት አወጣ። ሐጂ ወደ ወንዙ ዞረ። እኔ ያየሁት ቃሬዛ ነው። ዋርካው ዛሬም አለ፤ ከቆምኩበት ይታያል። ሐምሌ ሲመጣ የልጅ ልጄን እዚያ ሥር ሳሳርፋት ታየኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አጠገቤ የቆመውን ሰው አየሁት፤ የማፍረው ከመንግሥት ይልቅ እሱን ነበር።

«ልጄ፣ አትጻፊው» አልኳት። «ጨዉ ያለው በአራተኛው ብቻ ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ሁሉንም ተናገርኩ። የጨው ምንጩን፣ የላሟን አጥንት፣ ፎርማኑ ሲጠይቀኝ ያልኩትን። ሦስቱ እግሮች የወንዙን ጥሩ ውሃ እንደጠጡ፣ የእኔው ብቻ ያን እንደጠጣ። ስጨርስ ሐጂ ዱላው ላይ ተደግፎ አየኝ።

«ገንፎ ስትለኝ የኖርከው» አለ ቀስ ብሎ፣ «በከብት ውሃ ነው?»

«አዎን።»

«በልጄ ሠርግ ሳይቀር?»

«አዎን፣ ሐጂ።»

«ወላሂ፣ ከብቱ እንኳ ጠጥቶት ዝም ይላል።»

መሐንዲሷ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ልስኑን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይህንንስ የለሰኑት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። «ስንጥቁ ቢታይ ኖሮ ቀደም ብለን እንመጣ ነበር፣ አባቴ። የጎዳን ከውሃው ይልቅ ልስኑ ነው።» አልተቆጣችም። ቢያስቆጣት ይሻለኝ ነበር።

ምንጩ ድረስ ወሰድኳት። ከብቶች ነበሩበት። በእፍኟ ቀድታ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች፤ በጠርሙስም ያዘች። ከዚያ ተመልሳ ከአራቱም እግሮች በመሰርሰሪያ ዱቄት አወጣች፣ በአራት ከረጢት አሰረች፣ ቁጥር ጻፈችባቸው። «የእርስዎን ቃል ይዤ ለእግረኛ ክፍት አደርገዋለሁ፣ ለመኪና ግን ዝግ ነው» አለችኝ። «እውነት መሆኑን የሚነግረን ይህ ዱቄት ነው። ካልሆነ እዘጋዋለሁ።»

በዚያው ሳምንት ከአራተኛው እግር ጎን ወፋፍራም የብረት ድጋፎች ቆሙ። እኛ ደግሞ ዱቄቱን ጠበቅን። ሰፈሬ አኮረፈኝ። ከሰፈራችን ልጆች አንዷ፣ መስጊድ ሰፈር ያገባች፣ ዛሬ አያት የሆነች ሴት፣ መንገድ ላይ አቁማኝ «ጋሼ፣ ያን ዘፈን በሠርጌ ዘፍናችሁልኝ ስንት ዓመት በአማቶቼ ላይ ስኮራባቸው ኖርኩ። አሁን ምን እንዲሉኝ ነው?» አለችኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ አሳለፍኳት። ቤቴ ስቀመጥ የማስበው ያን ዱቄት ነበር። አንድ ቁንጣሪ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል። በውስጡ ግን የአንድ ጎረምሳ ጠዋት አለ፣ የአህያ ጭነቱና ውሸቱ ጭምር። እኔ ልረሳው ስንት ዓመት ደክሜያለሁ። አርማታው አልደከመም፤ የሰጠነውን ሁሉ እንደሰጠነው አስቀምጦልናል። በደል ሰማይ ላይ ይጻፋል ነበር የሚሉን፤ እዚያው ወንዛችን ውስጥም ተጽፏል።

መልሱ ሰኔ ሳያልቅ ደረሰ። መሐንዲሷ ለሐጂ ደወለች፤ እሱ ስልኩን ይዞ ዳገቱን ወጥቶ ቤቴ መጣ። በር ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ሦስቱ ንጹሕ ናቸው» አለ። «አራተኛው ብቻ ነው። አብሽር።»

ተቀመጠ። ከዚያ በቀር ያን ቀን ስለ ድልድዩ አላወራንም።

ሐምሌ መጣ፣ ወንዙም መጣ። የልጅ ልጄን ምጥ የያዛት ጠዋት ነው፤ ደጋው ከዋዜማው ጀምሮ ሲዘንብ አድሮ ወንዙ የድልድዩን ወገብ ይመታል። ጎረምሶቹ ቃሬዛውን አንሥተው ሲወጡ ሴቶቹ እሷን እያዩ ነበር። እኔ ዳር ቆሜ እሷን አላየሁም፤ እግሩን አየሁት። የተላቀቀ፣ የተበላ፣ በብረት የተደገፈ፣ የእኔ ስንፍና ያለበት እግር ጎርፉን ለሁለት እየከፈለ ቆሟል፤ በላዩ የስምንት ሰው እርምጃ ሲያልፍ አልተንቀሳቀሰም። ማዶ ሲደርሱ ሐጂ ባርኔጣዬን ከመሬት አንሥቶ ሰጠኝ። መቼ እንደወደቀ አላውቅም። መርሳ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተወለደች።

ውሃው ሲጎድል፣ ከመስቀል በኋላ፣ መሐንዲሷ ሠራተኞቿን ይዛ ተመለሰች። ወለሉን በድጋፍ አንጠልጥለው አራተኛውን እግር አፈረሱት። ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ አርማታው እንደ ጎልማሳ ድንጋይ ነበር፣ ብረቱ ግን በእጅ ይሰበራል። አንድ ስባሪ ለመንኳትና ወሰድኩ፤ ቤቴ መስኮቱ ላይ አለ። አዲስ ብረት ታሰረ፣ አርማታው የሚሞላበት ጣውላ ቆመ። ጉልበቱ እንደ ድሮው የእኛ ሆነ፤ አሁን ግን አራቱም ሰፈር ለአንድ እግር ወጣ። ውሃውን ማን ያምጣ ተባለ። «እሱ ያምጣ» አለ ሐጂ። «መንገዱን ያውቀዋል፤ የትኛው እንዳልሆነም ያውቃል።»

ከዳገቱ ምንጭ አመጣሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ሁሉም ጠበቀኝ። አህዮቹ ሲደርሱ መሐንዲሷ መጣችና እንደ ፎርማኑ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነከረች።

«ከየት ነው፣ አባቴ?»

«ከዳገቱ።»

«የምትጠጡት ነው?»

ጣሳ እስከ አፉ ቀድቼ ጠጣሁት። ቀዝቃዛ ነበር። ሐጂ እጁን ዘረጋ። «ለእኔም ቅዳልኝ። አንተን አምኜ አርባ ዓመት ስሰደብ ኖሬያለሁ» አለ። ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ለእሷም ቀዳላት። ከዚያ በኋላ ነው ሲሚንቶው የተቦካው።

የድልድዩ ወለል ከላይ ስለሚከለክል፣ የእግሩን የመጨረሻዋን አንድ ክንድ ሳይሞሉ ለሌላ ቀን ትተዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲበተን ቀረሁና ከዳሩ ድንጋይ ላይ ሆኜ እጄን በዚያች ክፍት ቦታ በኩል አስገብቼ ጥፍሬን ጫንኩት። ገባ። ለስላሳ፣ ሙቀት ያለው፣ ምንም የማይቸኩል ነገር ነበር። መሐንዲሷ ሃያ ስምንት ቀን ጆንያ አልብሳችሁ ውሃ አጠጡት፣ እንደ አራስ ጠብቁት ብላን ነበር። ሃያ ስምንቱንም ቀን እኔ ነኝ የማጠጣው። ያችን ቀን ግን ጣቴን ሳላወጣ ቆየሁ፤ ከኋላዬ የዱላ ድምፅ እስኪመጣ ድረስ።

«ጠጠረ?» አለ ሐጂ።

«ገና ነው።»

ጎንበስ ብሎ በክፍቷ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ገንፎ ነው» አለ፤ ከጎኔም ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።